ሎክ ላይ ላለመቸገር፦ በእንግሊዝ ካናል ጀልባ ይዞ የመውጣትና የመውረድ ዝርዝር መመሪያ

በእንግሊዝ ካናል፣ ማለትም በሰው ሠራሽ የውሃ መንገድ፣ ላይ ለሽርሽር ጀልባ ለሚከራይ ሰው መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። አከራዩ ጥቂት ያሳያችኋል፤ ከዚያ መሪው በእጃችሁ ነው። መንዳቱ ቶሎ ይለመዳል። የሚያስቸግረው ጀልባውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ባለ በር የውሃ ገንዳ፣ ሎኩ ነው። በሩ አልከፈት ይላል። ውሃው አልሞላ ይላል። ጀልባው ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጀልባው ተንጠልጥሎ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሰምጥ ነው።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፦ የአንዱን ጫፍ መዝጊያ ሳያዩ የሌላውን መክፈት። ስለዚህ ይህን ከቤት ሳትወጡ አንብቡት። የመጀመሪያው ሎክ ጋ ስትደርሱ ደግሞ አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ ለሌሎቹ አንብቡላቸው።

ስሞቹን እንግባባ

ሎክ በሁለቱም ጫፉ በር ያለው የድንጋይ ወይም የጡብ ገንዳ ነው። ካናሉ ኮረብታ ሲገጥመው ጀልባው እዚህ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ውሃ ሲሞላ ከፍ ይላል፣ ውሃው ሲለቀቅ ዝቅ ይላል። አብዛኛው በእጅ የሚሠራ ነው። ለንደን ያላችሁ ካምደን ገበያ አጠገብ አይታችሁታል።

ፓድል፦ ውሃ የሚያሳልፍ ትንሽ መዝጊያ ነው። ሲነሳ ውሃ ያልፋል፣ ሲወርድ ይዘጋል። ከመቅዘፊያ ጋር አታምታቱት። ሁለት ዓይነት አለ። የመሬት ፓድል ውሃውን በመሬት ውስጥ አሳልፎ ከታች ያስገባዋል። የበር ፓድል ግን በራሱ በበሩ ላይ ባለ ቀዳዳ ነው የሚያስገባው። ይህን ልዩነት ያዙ፤ በኋላ ጀልባችሁን የሚያተርፈው እሱ ነው።

ዊንድላስ፦ ፓድሉን የምታነሱበት የተቆለመመ የብረት እጀታ።

ምላስ፦ ፓድሉ ተነሥቶ እንዲቆይ የፓድሉ ማንሻ ጥርስ ላይ የሚወድቅ ትንሽ ብረት።

የበሩ ክንድ፦ በሩን የምትገፉበት ረጅም ወፍራም እንጨት ወይም ብረት።

ደፍ፦ የላይኛው በር የሚያርፍበት የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ደረጃ። ልክ እንደ ቤት በር ደፍ ነው፤ ግን ወደ ገንዳው ውስጥ ገባ ብሎ ይቀራል፣ አንዳንዱ ጋ እስከ አንድ ሜትር ተኩል። ሎኩ ሙሉ ሲሆን አይታይም። ውሃው ሲጎድል ብቅ ይላል። የት ድረስ እንደሚመጣ የሚያሳይ ነጭ መስመር ግድግዳው ላይ ተቀብቷል። ይህን መስመር ሳታገኙት ፓድል አትንኩ።

ጠባብ ሎክ ወርዱ 2.1 ሜትር፣ ርዝመቱ 22 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጠባብ ጀልባ ልክክ ብሎ ይገባበታል። ከዎርስተር ወደ በርሚንግሃም የሚሄደው ካናል በአብዛኛው እንዲህ ነው። ሰፊ ሎክ ወርዱ 4.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ጠባብ ጀልባ ጎን ለጎን ይይዛል። የለንደኑ የሪጀንት ካናልና ከለንደን ወደ በርሚንግሃም የሚወጣው ግራንድ ዩኒየን በአብዛኛው ሰፊ ሎክ ነው ያላቸው።

ዝግጅት

ሰው። ሦስት ሰው ጥሩ ነው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሁለቱ ረዳቶች በሩንና ፓድሉን ይይዛሉ። መሪ የያዘው ሰው አይቀያየር፤ ቢያንስ ሎክ ውስጥ።

ምልክት። የሞተሩ ድምፅና የውሃው ጩኸት አያሰማም። አንድ ምልክት ብቻ ተስማሙ፦ ሁለት እጅ ወደ ላይ ከተነሣ "ፓድል ዝጋ" ማለት ነው። ምልክቱን ያየ ሰው "ለምን?" አይጠይቅም። መጀመሪያ ይዘጋል፣ ከዚያ ይጠይቃል።

ዕቃ። ሁለት ወይም ሦስት ዊንድላስ ያዙ፤ ውሃ ውስጥ መውደቅ የተለመደ ነው። ከፊትና ከኋላ ረጅም ገመድ ይኑር። መንጠቆ ያለው ረጅም ዘንግም ያስፈልጋል። አንዳንድ ሎክ ላይ ፓድሉ በተጨማሪ ቁልፍ ስለሚታሰር መንገዳችሁ ላይ ካለ አከራዩን ጠይቁና ቁልፉን ውሰዱ።

ልብስ። የማያንሸራትት ጫማ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ የአንገት ገመድ አውልቁ፤ ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ቀለበትም ቢወልቅ ይሻላል። ልጆች የነፍስ አድን ጃኬት ይልበሱ፣ ከገንዳው ጠርዝም ይራቁ። ልጅን በር እንዲገፋ መፍቀድ ደስ ይላል። ፓድል ግን ለትልቅ ሰው ነው።

ጊዜ። ለአንድ ሎክ 15 ወይም 20 ደቂቃ መድቡ። ሎኮች ተከታትለው የተደረደሩበት ቦታ ግን ቀኑን ይበላል። ከዎርስተር ወደ በርሚንግሃም በሚሄደው ካናል፣ ታርዴቢግ ላይ 30 ሎኮች አሉ። ዲቫይዚስ ከተማ አጠገብ ኬን ሂል ላይ ደግሞ 29 ናቸው፤ እነሱን ለመጨረስ 5 ወይም 6 ሰዓት ይወስዳል፣ የመግቢያ ሰዓትም አለው። በእንግሊዝና በዌልስ ካናሎቹን ከ2012 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የካናልና ወንዝ ትረስት ነው። የተዘጋ ሎክ ካለ ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከመነሳታችሁ በፊት እዩት። የድንገተኛ ስልኩንም መዝግቡ፦ 0800 47 999 47።

ሽቅብ መውጣት

1. ከሎኩ በፊት ቁሙ። ጀልባውን ማቆሚያው ጋ አስጠጉ። ረዳቶች ይራመዱ እንጂ አይዝለሉ። ሎኩ ጋ ሄደው ሁለት ነገር ይዩ፦ ገንዳው ሙሉ ነው ወይስ ጎዶሎ? ከላይ የሚመጣ ጀልባስ አለ? ገንዳው ሙሉ ሆኖ ከላይ ጀልባ እየመጣ ከሆነ ተራው የእሱ ነው። ውሃውን ብትለቁት በከንቱ ይፈሳል። ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ያለው ጠባብ ሎክ እንኳ ከ100 ሺህ ሊትር በላይ ነው።

2. ገንዳውን አጉድሉ። ሙሉ ከሆነ በቅድሚያ ላይኛው በር ጋ ሂዱና ፓድሎቹ ሁሉ መዘጋታቸውን በዓይናችሁ እዩ። "የፊተኛው ሰው ዘግቶት ይሆናል" አይሠራም። ከዚያ የታችኞቹን ክፈቱ። ዊንድላሱን የፓድሉ ማንሻ ዘንግ ላይ እስከ ጥግ አስገቡት፣ ምላሱ ጥርሱ ላይ መሆኑን እዩና አዙሩ። ፓድሉ ሲነሣ ምላሱ መያዙን አረጋግጡና ዊንድላሱን አውጡ። ሁልጊዜ አውጡት። ምላሱ ካመለጠ ፓድሉ በክብደቱ ይወርዳል፣ ዘንጉ ላይ የቀረ ዊንድላስም እየተሽከረከረ ይወረወራል። ክንድ ይሰብራል።

3. ውሃው እኩል ሲሆን በሩን ክፈቱ። ጀርባችሁን ለበሩ ክንድ ስጡ፣ እግራችሁን መሬቱ ላይ ከፍ ከፍ ተደርገው በተሠሩት ጡቦች አስደግፉ፣ ቀስ ብላችሁ ግፉ። አልሄድ ካለ አትታገሉት። 10 ሴንቲሜትር የውሃ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ግን 2 ሜትር ወርድ ያለውን በር 1.5 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ወደ 300 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይጫነዋል። ጠብቁ፤ እኩል ሲሆን በአንድ ሰው ጉልበት ይከፈታል።

4. ጀልባውን አስገቡ። በእርምጃ ፍጥነት፣ ቀጥ ብላችሁ። ጠባብ ሎክ ከሆነ በጀልባው ጎን የተንጠለጠሉትን መከላከያ ጎማዎች ቀድማችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ አለበለዚያ ይሰነቅሩታል። የጀልባው ርዝመት ከፈቀደ ከላይኛው በር ራቅ ብላችሁ ቁሙ።

5. ከኋላ ዝጉ። የታችኛውን በር ዝጉ፣ ፓድሎቹንም አውርዱ። ፓድል ሲወርድ በዊንድላስ እየያዛችሁ አውርዱት፤ ለቃችሁት አይውደቅ። ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው መሻገር ካስፈለገ በተዘጋ በር ላይ፣ መያዣውን ይዛችሁ ብቻ። በግማሽ በተከፈቱ በሮች መካከል መዝለል ሰው የሞተበት ነገር ነው።

6. ሙሉት፤ ግን በዝግታ። ገመዱን ገንዳው ጠርዝ ላይ ባለው የማሰሪያ ጉቶ አንድ ዙር ጠምጥማችሁ በእጅ ያዙ። አትሰሩት። ጀልባው ከፍ ሲል ገመዱን እየሰበሰባችሁ ትሄዳላችሁ። አሁን አንድ የመሬት ፓድል በግማሽ ክፈቱ። መሪ የያዘውን ሰው ፊቱን እዩት። ጀልባው ካልተናወጠ ጨምሩ፣ ከዚያ ሌላውን ክፈቱ። ሰፊ ሎክ ውስጥ ብቻችሁን ከሆናችሁ ጀልባው ባለበት ወገን ያለውን የመሬት ፓድል አስቀድሙ። ውሃው በጀልባው ሥር አልፎ ከማዶ ግድግዳ ይመለሳል፣ ጀልባውንም አብዛኛውን ጊዜ ካለበት ግድግዳ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል።

የበር ፓድሉን ለመጨረሻ ተዉት። ቀዳዳው ከውሃ በላይ ሆኖ ከተከፈተ ውሃው እንደ ፏፏቴ ጀልባው አፍንጫ ላይ ይወርዳል። የጀልባው የፊት በር ክፍት ከሆነ በአጭር ጊዜ ውስጥ ውስጡ ይሞላል። ቀዳዳው በውሃ ከተሸፈነ በኋላ ብቻ ክፈቱት።

7. አፍንጫውን ጠብቁ። ጀልባው ሲነሣ አፍንጫው በላይኛው በር አግዳሚ ሥር እንዳይያዝ አንድ ሰው ቆሞ ይመልከት። ሌላ ሥራ አይኑረው።

8. ውጡና ዝጉ። ውሃው ሲተካከል የላይኛውን በር ክፈቱ፣ ጀልባው ይውጣ፣ በሩንና ፓድሉን ዝጉ። ከፊት ለፊት ሌላ ጀልባ እየመጣ ከሆነ በሩን ክፍት ተዉለት፣ በእጅ ምልክት ተግባቡ። ከመሄዳችሁ በፊት ዊንድላሶቻችሁን ቁጠሩ።

ቁልቁል መውረድ

መውረድ ጸጥ ያለ ነው። ውሃው አይጮህም፣ ጀልባው አይላተምም። የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ እኛም ስንወርድ መሪ የያዘው ጓደኛችን ከላይ ካሉት ጋር ጨዋታ ያዘ። ጀልባው ሳይታወቀው ወደ ኋላ ሸርተት አለና የመሪው ብረት ነጩን መስመር አለፈ። ባለቤቴ አይታ ጮኸች፣ ፓድሉም ተዘጋ። ከደፉ ላይ የቀረን የአንድ ጣት ያህል ነበር። ያን ቀን ልጆቹ ጀልባው ውስጥ ነበሩ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት።

1. ገንዳው ሙሉ መሆን አለበት። ጎዶሎ ከሆነ የታችኞቹ ፓድሎችና በሮች መዘጋታቸውን እዩ፣ ከዚያ የላይኞቹን ክፈቱ። ከታች የሚመጣ ጀልባ ካለና ገንዳው ጎዶሎ ከሆነ ግን ተራው የእሱ ነው።

2. አስገቡና ከኋላ ዝጉ። የላይኛውን በር ዝጉ፣ ፓድሎቹን አውርዱ። አሁን ነጩን መስመር ፈልጉ። ሣር ሸፍኖት ከሆነ ግለጡት።

3. ቦታችሁን ያዙ። የጀልባው ጀርባ፣ መሪውንም ጨምሮ፣ ከመስመሩ በደንብ ወደ ፊት ይሁን። አፍንጫው ደግሞ ታችኛው በር ላይ ባለ ምንም ነገር አይያዝ። ሞተሩ አይጥፋ። መሪ የያዘው ሰው ማርሹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በጥቂቱ እያደረገ ቦታውን ይጠብቅ። ሻይ አይቀዳም፣ ስልክ አያነሣም፣ ፎቶ አያነሣም።

4. ገመድ አትሰሩ። ጀልባው ዝቅ ሲል የታሰረ ገመድ ይወጠርና ጀልባውን አንጠልጥሎ ያጋድለዋል። ጉቶው ላይ አንድ ዙር፣ ጫፉ በእጅ፣ እየለቀቃችሁ። ገመዱን በእጃችሁ አትጠምጥሙ።

5. አንዱን የታች ፓድል በግማሽ ክፈቱ። አንድ ሰው መስመሩ አጠገብ ቆሞ የጀልባውን ጀርባ ብቻ ይመልከት። ሌላው ፓድሉ አጠገብ ዊንድላሱን በእጁ ይዞ ይቁም። ፓድል ከፍቶ ወደሚቀጥለው ሎክ መሮጥ ያየሁት ትልቁ ስህተት ነው፤ የሚዘጋ ሰው ሳይኖር ውሃው ይወርዳል። ሁሉም ደህና ከሆነ ቀሪውን ክፈቱ።

6. እኩል ሲሆን ክፈቱና ውጡ። ከወጣችሁ በኋላ በሩንና ፓድሉን ዝጉ። ረዳቶቹን ማቆሚያው ላይ ውሰዱ እንጂ ከግድግዳ እንዲዘሉ አታድርጉ።

ሲበላሽ

ጀልባው ደፉ ላይ ተንጠለጠለ። ምልክቱ፦ አፍንጫው ዝቅ እያለ ጀርባው አልወርድ ይላል። በቅጽበት የታች ፓድሎችን ሁሉ ዝጉ። ሰዎችን ከጀልባው ማውጣት ከቻላችሁ አውጡ፤ ዕቃ ይቅር። ከዚያ የላይኛውን የመሬት ፓድል በጣም በዝግታ ክፈቱ፣ ውሃው ጀልባውን ራሱ ያነሣዋል። የበር ፓድል አትክፈቱ፣ ውሃውን ጀርባው ላይ ይደፋዋል። ጀልባው ከተንሳፈፈ በኋላ ውስጡ ውሃ እንዳለ እዩ።

ስትወጡ አፍንጫው በበሩ ሥር ተያዘ። የላይ ፓድሎችን ዝጉ። ከዚያ የታቹን በጥቂቱ ክፈቱ፣ ጀልባው ዝቅ ብሎ ይላቀቃል። በማርሽ አስገድዳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ።

ጠባብ ሎክ ውስጥ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። ውሃ የሚለቀውን ዝጉ፣ መልሳችሁ ሙሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰነቅረው ረስታችሁት የቀረ የጎን ጎማ ነው።

በሩ አልከፈት አለ። ውሃው እኩል የመሰለው ሳይሆን ሊቀር ይችላል፤ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። አሁንም ካልሆነ የሌላውን ጫፍ ፓድሎች እዩ፤ አንዱ በስንጥቅ እንኳ ከተከፈተ ውሃው መቼም አይተካከልም። በጀልባ አትግጩት።

ገንዳው አልሞላ አለ። የታችኛው በር ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናል። በሁለቱ በሮች መካከል እንጨት ወይም የውሃ ጠርሙስ ይሰነቀራል። ፓድሎቹን ዝጉ፣ በሩን ከፈት አድርጉ፣ በመንጠቆው ዘንግ አውጡት። እጃችሁንና እግራችሁን አትክተቱ።

በሩ ሲከፈት ጥግ ድረስ አልሄደም። ከበሩ ጀርባ ግንድ ወይም ቆሻሻ አለ። መልሳችሁ ዝጉ፣ በዘንጉ ጠራርጉ፣ እንደገና ሞክሩ።

ዊንድላሱ ከእጅ አምልጦ ተሽከረከረ። ልቀቁት፣ ወደ ኋላ ራቁ። ለመያዝ አትሞክሩ። ሲቆም ፓድሉ የት እንደቆመ እዩ፣ ምላሱንም መርምሩ።

ሰው ውሃ ውስጥ ወደቀ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ፦ ፓድሎች ሁሉ ይዘጉ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁንና ሞተሩ ይጥፋ፣ ገመድ ወይም የነፍስ አድን ቀለበት ይወርወር። ከኋላ የሚሽከረከረው ብረት ከውሃው ይበልጥ ይገድላል። ተከትላችሁ አትግቡ። አብዛኛው ሎክ ግድግዳ ላይ መሰላል አለ፤ ወደዚያ ምሩት። ራሱን ካልቻለ 999 ደውሉና የሎኩን ቁጥር ተናገሩ፤ ቁጥሩ ሎኩ ላይ ተጽፏል።

ከሎኩ በላይ ወይም በታች ያለው ካናል ውሃ ጎድሎበታል። አትግቡ፣ በራሳችሁም ከላይ ውሃ አትልቀቁ። ጭቃ ላይ ትቀመጣላችሁ፣ ከላይ ያለውንም ታጎድሉታላችሁ። ትረስቱን ደውሉና ጠብቁ።

ደረጃ ሎክ

አንዳንድ ቦታ ሎኮቹ መካከላቸው ክፍተት የለም፤ የአንዱ የላይ በር የሌላው የታች በር ነው። እንደ ፎቅ ደረጃ ይወጣሉ። በሌስተርሺር ፎክስተን ላይ አምስት አምስት ሆነው 10 አሉ። በዮርክሺር ቢንግሊ ላይ ደግሞ አምስቱ ሎኮች ጀልባን 18 ሜትር ገደማ ያነሣሉ፤ ከ1774 ጀምሮ ይሠራሉ። እዚህ ያለው አደጋ አንድ ገንዳ ያለ ተራው ከተለቀቀ የታችኛው ሞልቶ መፍሰሱ ወይም ጀልባችሁ ባዶ ገንዳ ውስጥ መቅረቱ ነው።

ሁለቱም ቦታ የሎክ ጠባቂዎች አሉ። ስትደርሱ ጀልባውን አስራችሁ በእግር ሂዱና ተመዝገቡ። ፎክስተን ላይ ፓድሎቹ ቀይና ነጭ ቀለም አላቸው፦ በእያንዳንዱ ሎክ መጀመሪያ ቀዩ ይከፈታል፣ ከዚያ ነጩ። መቼም ነጩ አይቀድምም። ቢንግሊ ላይ ያለ ጠባቂው አይታለፍም። ጠባቂው "አሁን" እስኪል ድረስ ዊንድላሱ በእጃችሁ ይቆይ።